ግራፊክስ ካርዴ ከተጻፈለት ፍጥነት በታች ይሠራል፤ ምክንያቱን በምን ልለየው?

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ላይ የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ በማቀናበር የምተዳደር ሰው ነኝ። ከአምስት ወር በፊት ያገለገለ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድ ገዛሁ። ሻጩ ፍጥነቱ 1340 ሜጋኸርዝ ነው ብሎኝ ነበር፤ እኔም በኢንተርኔት ስፈልግ ለአርኤክስ 580 የተጻፈው ቁጥር ይኸው ሆኖ አገኘሁት። ይሁን እንጂ ካርዱ እጄ ከገባ ጀምሮ ይህን ቁጥር አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ሥራ ስጀምር 1284 ላይ ይወጣል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሠራ ወደ 1100፣ ቆየት ሲል ወደ 950 ይወርዳል፤ ምሽት ላይ ደግሞ ከ900 በታች የሆነበት ጊዜ አለ።

ኮምፒውተሩ ኮር አይ 7 6700 ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋባይት ራምና 500 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ አለው። የማቀናብረው በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው። የአንድ ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ ቀለሙን አስተካክዬ፣ በጨለማ የተቀረጸውን ምስል የሚያጠራውን ማጣሪያ ጨምሬ ሳወጣው ጠዋት ከሆነ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። ያንኑ ፋይል ምንም ሳልነካው ምሽት ላይ ሳወጣው ግን 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይወስድብኛል።

እስካሁን ድራይቨሩን ከሥሩ አጥፍቼ እንደገና ጭኛለሁ፤ ዊንዶውስንም አዲስ ጭኛለሁ። በሰፈራችን ምሽት ላይ መብራት ስለሚደክም ጥፋቱ ከኃይል ነው ብዬ ስታቢላይዘር ገዛሁ፤ ለውጥ አላየሁም። ሙቀት ነው እንዳልል ያለሁት ደሴ ነው፤ ክፍሌ ምሽት ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ነው። አንድ ጓደኛዬ ካርዱ ቀድሞ ለክሪፕቶ ማይኒንግ (ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር ስሌት ለማግኘት) ያገለገለ ስለሆነ አልቆለታል ብሎኛል። አዲስ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት ሳይገባ መፍትሔ ማግኘት አለብኝ። ካርዱ በእርግጥ እየሞተ ነው፣ ወይስ የሚስተካከል ነገር አለው? ሌላ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምክንያቱን በማስረጃ ለይቼ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦

አብሽሩ፤ ከጻፉት ሁሉ ውስጥ ካርዱ ሞቷል የሚያሰኝ አንድም ምልክት አላየሁም። እየሞተ ያለ ካርድ ምስል ያበላሻል፣ ስክሪኑን ያጠቁራል፣ ሥራ መካከል ኮምፒውተሩን ያዘጋል፤ የእርስዎ ግን ሥራውን በዝግታም ቢሆን ይጨርሳል። እዚህ ኮምቦልቻ በጥገና ሥራ ላይ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ አቤቱታ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል፤ አንደኛው ካርዱ 1340 አለመድረሱ፣ ሁለተኛው ከደረሰበት ከ1284 መውረዱ ነው። የሁለቱ ምክንያት አንድ ነው ብዬ አላምንም።

በመጀመሪያው ልጀምር። 1284 የሚለው ቁጥር ብዙ ነገር ይናገራል። ኤኤምዲ አርኤክስ 580ን እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያወጣ ካርዱ 2304 የማስሊያ ክፍሎች ነበሩት፤ መነሻ ፍጥነቱ 1257፣ ከፍተኛው ደግሞ 1340 ሜጋኸርዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ለቻይና ገበያ ተብሎ በዚያው ስም ሌላ ካርድ ወጣ። ይህኛው ከስሙ ቀጥሎ 2048 የሚል ተቀጽላ ያለው ሲሆን፣ የማስሊያ ክፍሎቹ 2048 ብቻ ናቸው፤ መነሻው 1168፣ ከፍተኛው 1284 ነው። በአቅሙ ከአርኤክስ 580 ይልቅ ለአርኤክስ 570 ይቀርባል። እኔ እጅ ከገቡት ያገለገሉ ካርዶች መካከል ይህኛው ጥቂት አይደለም፤ ካርዱ ላይ የተለጠፈው ወረቀትም ሁልጊዜ ተቀጽላውን አያሳይም። ለማረጋገጥ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱና ሼደርስ በሚለው ቦታ ያለውን ቁጥር ይመልከቱ፤ የማስሊያ ክፍሎቹ ብዛት እርሱ ነው። 2048 ካለ ከካርዱ 1340ን መጠበቅ አይገባም፤ ሲጠብቁት የነበረው የሌላ ካርድ ፍጥነት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከፍተኛ ፍጥነት ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ካርዱ ሁኔታው ሲመቸው የሚደርስበት ጣሪያ ነው። ካርዱ ሙቀቱን፣ የሚወስደውን ኃይልና የተሰጠውን የሥራ ጫና በየቅጽበቱ እየለካ ፍጥነቱን ራሱ ይወስናል። ስለዚህ ፍጥነቱን ብቻ ነጥሎ መመልከት አያዋጣም። የራስዎን ፋይል እያወጡ ፍጥነቱን፣ የሥራ ጫናውን፣ ሙቀቱን፣ የማራገቢያውን ዙርና የሚወስደውን ዋት በአንድ ላይ ይመዝግቡ። ጂፒዩ-ዚ የመለኪያ ገጹ ላይ ወደ ፋይል የሚመዘግብ ምርጫ ስላለው አጠገቡ ተቀምጠው መጠበቅ አያስፈልግዎትም። ካርድ ለማስጨነቅ ተብለው የተሠሩትን የሙከራ ፕሮግራሞች ለዚህ አልመክርም፤ እነርሱ በዕለት ሥራ የማይገጥም ጫና ስለሚፈጥሩ ውጤታቸው ያሳስታል።

ሲያነቡት አስቀድመው የሥራ ጫናውን ይመልከቱ። ፍጥነቱ ወርዶ ጫናውም 40 ወይም 50 በመቶ ከሆነ ካርዱ ሥራ አጥቶ ፕሮሰሰሩን ወይም ሃርድ ዲስኩን እየጠበቀ ነው፤ ሥራ ሲያጣ ፍጥነቱን መቀነሱ ጤንነት ነው፣ እስከ 300 ሜጋኸርዝም ሊወርድ ይችላል። ጫናው ከ95 በላይ ሆኖ ፍጥነቱ ከወረደ ግን አንድ ነገር ይዞታል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሙቀቱ እየወጣ ፍጥነቱ እየወረደ ከሄደ ምክንያቱ ሙቀት ነው። ሙቀቱ መካከለኛ ሆኖ ዋቱ አንድ ቁጥር ላይ ተቸንክሮ ከቀረ የኃይል ገደብ ነው። ካርዱ ገና ሥራ ሲጀምር፣ ሳይሞቅም፣ በ1100 ወይም በ1150 ተወስኖ የሚቀር ቢሆን ኖሮ የማይኒንግ ባዮስ (ባዮስ የካርዱን ፍጥነትና ቮልት የሚወስነው፣ በራሱ ውስጥ የተቀመጠው ፕሮግራም ነው) እጠረጥር ነበር፤ ማይነሮች ኃይል ለመቆጠብ የካርዱን ባዮስ ለውጠው ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጉት ነበርና። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ መቆፈር ካቆመ በኋላ የተሸጡ ብዙ ካርዶች ይህን ባዮስ እንደያዙ ነው የወጡት። የእርስዎ ግን 1284 ደርሶ የሚወርድ ስለሆነ ጥርጣሬዬ ወደዚያ አያዘነብልም።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦

እኔ ግን ከኃይሉ ጎን ነኝ። ባለፈው ዓመት የእኔም ኮምፒውተር እንዲሁ ሲያስቸግረኝ ቆይቶ ፓወር ሰፕላዩን ስቀይር ነው ያረፍኩት። 500 ዋት የሚለው ጽሑፍ ብቻውን እምነት የሚጣልበት አይደለም። ከጎኑ ያለውን ሠንጠረዥ ያንብቡና በ12 ቮልት በኩል ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ይመልከቱ፤ 30 አምፔር ካለ በዚያ በኩል የሚያገኙት 360 ዋት ብቻ ነው፤ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም በዋናነት የሚመገቡት ከዚሁ ነው። የግራፊክስ ካርዱ መሰኪያ ከማዘርቦርዱ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ ገመድ ደግሞ 150 ዋት እንዲያደርስ ነው የተሠራው። ያ ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የወጣ ነው ወይስ ከሃርድ ዲስክ ገመዶች በአዳፕተር የተቀጠለ? በአዳፕተር ከሆነ ገመዱን በእጅዎ ዳሰስ ያድርጉት፤ የሚሞቅ ከሆነ ሥራውን ያቁሙ፣ መሰኪያው ሲቀልጥ በዓይኔ አይቻለሁ። በተጨማሪም ኮምፒውተሩን፣ ሞኒተሩንና ስታቢላይዘሩን በአንድ ርካሽ ዲቫይደር ላይ ደራርቦ መሰካት ጥሩ አይደለም።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦

የገመዱ ምክር ትክክል ነው፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን መታየት አለበት። ዳሩ ግን የደከመ ፓወር ሰፕላይ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩን በድንገት ያጠፋል ወይም ስክሪኑን ያጠቁራል እንጂ ፍጥነቱን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቀስ በቀስ ደረጃ በደረጃ አያወርድም። እንዲህ በሥርዓት የሚወርድ ነገር የሙቀት ጠባይ ነው፤ ብረት ለመጋል ጊዜ ይፈልጋል። የግድግዳው መብራት መድከምም ቢሆን በቀጥታ ወደ ካርዱ አይደርስም፤ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ 220 ወደ 190 ቢወርድበትም ለካርዱ የሚሰጠውን 12 ቮልት ይጠብቃል። ክርክሩን የሚፈታው መለኪያው ነውና በዚያው መዝገብ ላይ የ12 ቮልቱን መስመር ይጨምሩበት። ደረጃው የሚፈቅደው ከ11.4 እስከ 12.6 ነው። ፍጥነቱ በወረደበት ሰዓት ቮልቱም ከዚህ በታች ከወረደ ሰኞ ገበያ ያሉት ልክ ነው፤ ካልወረደ ፓወር ሰፕላይ ለመግዛት አይቸኩሉ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያላችሁትን ሁሉ በሁለት ቀን አደረግኩት።

ጂፒዩ-ዚ ሼደርስ በሚለው ቦታ 2048 ይላል። ስለዚህ የ1340ው ጉዳይ ተዘጋ። ቅር ብሎኛል፤ የከፈልኩት የ2304ቱን ዋጋ ነው። ባለ 8 ፒኑ ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የወጣ ነው፣ አዳፕተር የለውም፤ ስዳስሰውም አይሞቅም።

የምሽቱ መዝገብ እንዲህ ይላል። በመጀመሪያው ደቂቃ ፍጥነቱ 1284፣ ሙቀቱ 52 ዲግሪ፣ ጫናው 98 በመቶ ነበር። በ10ኛው ደቂቃ ሙቀቱ 83 ደረሰ፤ ማራገቢያዎቹ በደቂቃ ከ3300 ዙር በላይ እየዞሩ ነበር። በ25ኛው ደቂቃ ሙቀቱ 89፣ ፍጥነቱ 930 ሆነ፤ ጫናው ግን 99 በመቶ ላይ እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ከ88 እና ከ89 ሳይወጣ ፍጥነቱ ከ870 እስከ 960 ሲዋልል አመሸ። የ12 ቮልቱ መስመር አምፖሉ በግልጽ በደከመበት ሰዓት እንኳ ከ11.9 አልወረደም። የጠዋቱም መዝገብ ተመሳሳይ ነው፤ ሙቀቱ 89 የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ፍጥነቱም የሚያርፈው 1050 አካባቢ መሆኑ ብቻ ይለያል።

ስለዚህ ሙቀት መሆኑን ተቀብያለሁ። ሊገባኝ ያልቻለው በደሴ ብርድ፣ ያውም በምሽት፣ እንዴት ከጠዋቱ የበለጠ ሊግል እንደሚችል ነው። ይህን ስጽፍ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ኮምፒውተሩን ከአቧራ ለመጠበቅ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር በር ባለው የእንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። ጠዋት የምሠራው ብቻዬን ስለሆነ በሩንም መስኮቱንም እከፍታለሁ። ምሽት ላይ ግን እናቴ ቡና የምታፈላው በዚሁ ክፍል ነው፤ ከሰሉም እጣኑም አለ፣ ልጆቹ ገመዱን እንዳይነካኩ የቁም ሣጥኑን በር እዘጋዋለሁ፣ ብርዱ እንዳይገባም መስኮቱ ይዘጋል። የክፍል ቴርሞሜትር ተውሼ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሳስቀምጠው ሥራው በተጀመረ በግማሽ ሰዓት 43 ዲግሪ አሳየኝ፤ ከውጭ ክፍሉ 21 ነበር።

ካርዱን ፈትቼ አላውቅም። የት ልጀምር?

ቀጭን አየር (ኮምቦልቻ)፦

በሙያዬ መካኒካል ምሕንድስና አስተምራለሁና ደሴ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀት ሊሆን አይችልም የሚለውን ግምት በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ግምት በአካባቢያችን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው።

ግራፊክስ ካርድን የሚያቀዘቅዘው የአየሩ ብርድ ብቻ አይደለም፤ በክንፎቹ መካከል የሚያልፈው አየር ክብደትም ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው የአየሩ ክብደት ነውና። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ በ2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው አየር በተመሳሳይ ሙቀት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይቀላል። ኮምቦልቻ በ1850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጉድለቱ ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። ማራገቢያው በደቂቃ ያንኑ ያህል ዙር ቢዞርም የሚገፋው ይዘቱን እንጂ ክብደቱን ስላልሆነ፣ ደሴ ላይ በእያንዳንዱ ዙር የሚያሳልፈው ሙቀት ተሸካሚ አየር ያነሰ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ የካርዱ ሙቀት ከአካባቢው አየር የሚበልጥበት ልዩነት በጥቂት ዲግሪዎች ይሰፋል። ከኮምቦልቻ የሐረጎን አቀበት ወጥቶ ደሴ የገባ ኮምፒውተር የአየሩን ብርድ ሲያተርፍ ከክብደቱ ደግሞ ይከስራል፤ ትርፉ ጨርሶ ባይጠፋም ሰው የሚያስበውን ያህል አይሆንም። የካርድ ሠሪዎች ሙከራ ደግሞ እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ የሚደረግ አይደለም።

ይህ እንግዲህ ለሁሉም የደሴ ኮምፒውተር እኩል ነው፤ የእርስዎን ለብቻው ያጠፋው ቁም ሣጥኑ ነው። ካርዱና ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ ሆነው ከ200 ዋት ያላነሰ ሙቀት ያወጣሉ፤ ያን ሁሉ ሙቀት በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ማስቀረት ማለት ካርዱ ራሱ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ እንዲስብ ማድረግ ነው። ካርዱ የሚኖረው በ21 ዲግሪው ክፍል ሳይሆን በ43 ዲግሪው ሣጥን ነውና፣ የደሴ ብርድ ለእርሱ አይደርሰውም። የጠዋትና የምሽቱ ልዩነት እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ይፈታል ብዬ አምናለሁ።

ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ ከካርዱ በፊት የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። መስኮትና በር ተዘግቶ ከሰል ማንደድ ሽታና ቀለም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያጠራቅማል። ለእናትዎም ለልጆቹም ሲባል ፍም በክፍሉ እስካለ ድረስ መስኮቱ ገርበብ ብሎ ይቆይ።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦

ቀጭን አየር በሚገባ አስረድተውታል። እኔ ወደ ሥራው ልሂድ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አያድርጉት። አንድ ነገር በለወጡ ቁጥር ያንኑ ፋይል አውጥተው ይመዝግቡ፤ አለዚያ ምን እንደጠቀመዎት ሳያውቁ ይቀራሉ። መጀመሪያ ገንዘብ የማያስወጣውን፣ ኮምፒውተሩን ከቁም ሣጥኑ ማውጣቱን ያድርጉ። መሬት ላይ አያስቀምጡት፤ ከጉልበት ከፍ ባለ ነገር ላይ፣ ጀርባው ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ጽዳቱ ነው። ቡና በሚፈላበት ክፍል የቆየ ካርድ ከተራ አቧራ የባሰ ነገር ያጋጥመዋል፤ የከሰሉ አመድ በጣም የደቀቀ ስለሆነ እስከ ክንፎቹ ሥር ይገባል፣ የእጣኑ ጭስ ደግሞ ሙጫ ስላለው አመዱን ያጣብቀዋል። በንፋስ ብቻ አይለቅም፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ መፈቅፈቅ አለበት። እባክዎን ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር አያስነፉት። ያ አየር ከታንኩ ውኃና ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ግፊቱም ማራገቢያውን ከልኩ በላይ አሽከርክሮ መሸከሚያውን (ኩሽኔታውን) ይሰብረዋል። በምንም ሲነፉ ማራገቢያውን በጣትዎ ይዘው ይሁን።

ይህን አድርገው ሙቀቱ አሁንም ከ80 በላይ ከሆነ የሙቀት ቅባቱ፣ ቴርማል ፔስት የምንለው፣ ደርቋል ማለት ነው፤ ለዓመታት ሌት ተቀን በሠራ ካርድ ላይ ይህ የሚጠበቅ ነው። በጀርባው በቺፑ ዙሪያ ያሉትን አራት ስፕሪንግ ያላቸው ብሎኖች በሰያፍ፣ አንዱን ከዚያ ተቃራኒውን፣ ጥቂት ጥቂት እያላሉ ይፍቱ። ማቀዝቀዣው ሲላቀቅ የማራገቢያዎቹ ቀጭን ገመድ ከካርዱ ጋር እንደተሰካ መሆኑን አይርሱ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጎትቶ ይበጥሰዋል። አሮጌውን ቅባት በአይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የሴት ሽቶም ሆነ አረቄ አይተካውም፣ ሁለቱም ቅሪት ይተዋሉ። አዲሱን ቅባት ቺፑን በስሱ እንዲሸፍን አድርገው ይቀቡ። በሜሞሪዎቹ ላይ ያሉት ለስላሳ ፓዶች ካልተቀደዱ አይንኳቸው፤ ከተቀደዱ ውፍረታቸውን ለክተው በዚያው ልክ ይተኩ፤ የወፈረ ፓድ ማቀዝቀዣውን ከቺፑ ላይ አንሥቶ ከበፊቱ የባሰ ያደርገዋል። ሲያጠብቁም እንዲሁ በሰያፍ ነው።

የመጨረሻው ደረጃ ቮልቱን መቀነስ ነው። በኤኤምዲ ሶፍትዌር ውስጥ ለከፍተኛው ፍጥነት የተመደበው ቮልት ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ለምሳሌ 1150 ሚሊቮልት ካለ በ25 በ25 እየቀነሱ፣ በየደረጃው አንድ ሙሉ ቪዲዮ እያወጡ ይሞክሩ። ቺፑ የሚበላው ኃይል ከቮልቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ከ1150 ወደ 1075 መውረድ በዚያው ፍጥነት ላይ ኃይሉን ወደ 13 በመቶ ይቀንሰዋል። ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ካዩ ወይም ድራይቨሩ ከተቋረጠ አንድ ደረጃ ይመለሱ። ይህ ከደንበኛ ሥራ በፊት እንጂ በደንበኛ ሥራ ላይ የሚሞከር አይደለም።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ውጤቱን ይዤ ተመለስኩ። እንዳሉኝ አንድ በአንድ ነው የሄድኩት፤ ሁሉም ልኬት የተወሰደው ምሽት ላይ፣ በዚያው ፋይል፣ ሥራው በተጀመረ በ40ኛው ደቂቃ ነው።

ከቁም ሣጥኑ ማውጣቴ ብቻ ሙቀቱን ከ89 ወደ 84 አወረደው፤ ፍጥነቱም ከ930 ወደ 1140 አካባቢ ከፍ አለ። ለአምስት ወር ያስጨነቀኝ ነገር እኩሌታው በር መክፈት ብቻ መሆኑን ሳስብ በስታቢላይዘሩ ያወጣሁት ገንዘብ ቆጨኝ። ካርዱን ለማጽዳት ስከፍተው ክንፎቹ መካከል ያገኘሁት ነገር እንደ ቀጭን የሱፍ ጨርቅ ሆኖ ተጣብቆ በወስፌ ጫፍ ነው ያነሣሁት፤ ቀለሙም የአመድ፣ ሽታውም የእጣን ነበር። ከጽዳቱ በኋላ 79 ዲግሪና 1235 ሜጋኸርዝ ሆነ። ቅባቱን የቀየርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አሮጌው ደርቆ እንደ ኖራ ተፈረካከሰ፤ ፓዶቹ ግን ደህና ስለነበሩ አልነካኋቸውም። በዚህ ጊዜ ሙቀቱ 72 ሆነ፤ ፍጥነቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው 1284 ላይ ቆመ። ቮልቱን ወደ 1075 ሳወርደው ሙቀቱ 68 ላይ አረፈ፤ 1050 ስሞክር ግን ምስሉ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ስላየሁ ወደ 1075 ተመለስኩ።

ምሽት ላይ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ፋይል አሁን በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ይወጣል። የቡናው ቦታ ወደ በረንዳው አጠገብ ተዛውሯል፤ መስኮቱም ክፍት ነው። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ከሰሉ ይህን ያህል መጉዳቱን ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም ብላ ተቆጥታኛለች።

ሻጩን አነጋግሬው ነበር። እርሱም የገዛው 580 ተብሎ እንደሆነና ስለ 2048ቱ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ ጂፒዩ-ዚን እንዴት እንደሚከፍት አሳይቼው ከዋጋው ላይ ጥቂት መልሶልኛል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ከሁለቱ ማራገቢያዎች አንዱ ከ2000 ዙር በላይ ሲዞር የመፋቅ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። አሁን ሙቀቱ ዝቅ ስላለ እምብዛም ወደዚያ አይደርስም፤ ልተወው ወይስ ልቀይረው?

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦

የሠርጉ ወቅት ሳይገባ ይቀይሩት። የሚፋቅ ድምፅ የመሸከሚያው ዘይት ማለቁን ያሳያል፤ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ለጥቂት ሳምንታት ዝም ሊያሰኘው ይችላል፣ ነገር ግን በሥራ መካከል ቢቆም ሙቀቱ ወደነበረበት ይመለሳል። ሲያዙ በካርዱ ስም አይዘዙ፤ አንድ ስም ያላቸው ካርዶች የተለያየ ማራገቢያ ይጠቀማሉ። ማራገቢያውን ነቅለው ጀርባው ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ያንብቡ፣ የክንፉን ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚሊሜትር ይለኩ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀትና የገመዱን ፒኖች ቁጥር ይመዝግቡ። ሁለቱ የገቡት በአንድ ጊዜ ስለሆነ ሁለተኛውም ሩቅ አይሄድምና ጥንዱን ይግዙ። ኮምቦልቻ ብቅ ካሉ አሮጌውን ይዘውት ይምጡ፤ ከተበላሹ ካርዶች ያወለቅኳቸው ጥቂት አሉኝ፣ ልኩ ከገጠመ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግዎትም።